በፍልሰታ የተቦካው ወተት
ደብረ ታቦር ሱቄ ውስጥ የወተት ዱቄት ከረጢት ስከፍት፣ ሽታው ይፋግ ወዳሳለፍኩት ልጅነቴ ወሰደኝ። ፍልሰታ ነበር። እናቴ የማኅበሩን ድፎ አቡክታ ልትጋግር ስትል ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ ዘሃራ እያለከለኩ ገቡ።

«እንዳትጋግሪው እህቴ! ቤኪንግ ፓውደር ብዬ የሰጠሁሽ የወተት ዱቄት ነው። ጣሳ ተሳስቼ!»

እንግዶቹ ሊደርሱ ነው፤ ቤት ውስጥ የቀረ ዱቄት የለም። እናቴ ሊጡን እያየች «ምነው ባልነገሩኝ ኖሮ፣ እትዬ! ማን ያውቅ ነበር?» አለች።

«እኔ አውቃለሁ። ነገም ሱቅ እከፍታለሁ እኮ።»

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ሊጡን ለልጆቻቸው ወሰዱ፤ ከሱቃቸው ፉርኖ ዱቄት አምጥተው ራሳቸው ነፉላት። ድፎው ጊዜ አጥሮት ጠፍጣፋ ወጣ። ቄሱ ባርከው ሲቆርሱ «ዘንድሮስ ቂጣ ነው እንዴ?» አሉ፤ እናቴ ሳቀች እንጂ አላፈረችም። የእትዬ ዘሃራ ልጆች ግን በር ላይ ቆመው በወተት የተቦካ ዳቦ ይገምጡ ነበር። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ዛሬ ዱቄቴን ሳያሸት ሳይቀምስ የሚገዛ ደንበኛ «ተባረክ» ሲለኝ አሜን እላለሁ፤ ምርቃቱ ግን የእትዬ ዘሃራ ነው። አላህ ይዘንላቸው።