የራሴን ለቅሶ የሰማሁበት ሬዲዮ

እኔና ቆላ ያለው ወዳጄ ውል ያሰርነው ስንቀልድ ነው። ሁለታችንም በወጣትነታችን የሬዲዮ ኦፕሬተሮች ነበርን፤ እኔ እዚህ እንጅባራ፣ እሱ ከወሎ መጥቶ በሰፈረበት በረሃ። የምንሠራባቸው ቢሮዎች ስልክና ኮምፒውተር ሲያስገቡ አሮጌዎቹን የመገናኛ ሬዲዮዎች አስወገዱ፤ እኛንም አብረው። ሬዲዮዎቹን ይዘን፣ የአማተር ፈቃድ አውጥተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአየር ላይ እንነታረካለን። እሱ ያለበት መንደር የስልክ ኔትወርክ ገብቶ አያውቅም። ውላችንም ይህ ነው፦ የአንዳችን ድምፅ አንድ ቅዳሜ ከጠፋ ገበያ ሄዷል ይባላል። በሚቀጥለው ቅዳሜም ከጠፋ ሞቷል፤ የቀረው ለቅሶ ይደርሳል።

እኔ ለሳቅ ያልሁት ነው። እሱ ግን ለቅሶ የሚቀር ሰው አይደለም። ሟቹን በደንብ ባያውቀው እንኳ ሄዶ ድንኳኑ ውስጥ ካልተቀመጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ደረቱ ደግሞ ሕመምተኛ ነው። አምና ሊጠይቀኝ መጥቶ የእንጅባራ ብርድ ሳንባውን ያዘውና ሆስፒታል አስተኛነው። ሐኪሙ «ሁለተኛ ደጋ እንዳይወጡ፤ ከወጡ አይመለሱም» ብሎ አስጠነቀቀው። መንገዱም ቢሆን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። እንግዲህ እኔ ሳልሞት እኔን ሊያለቅስ መጥቶ እሱ ቢሞትብኝ፣ ምን ብዬ ነው ለልጆቹ የማስረዳው?

ሬዲዮዬ ጸጥ ያለው ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የፊቱ አምፖል በርቷል፤ ድምፅ ግን የለም፣ ሹክሹክታ እንኳ የለም። ድሮ ለጀማሪ ኦፕሬተሮች ሳስተምር «ከውጭ ጀምሩ! ባትሪውን፣ ገመዱን፣ አንቴናውን ሳታዩ ሆዱን እንዳትከፍቱ!» እያልሁ እጮህባቸው ነበር። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ካቻቢቴዬን ይዤ በቀጥታ ሆዱን ከፈትሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛችን ላይ የሬዲዮ አንጀት ተዘርግቶ ሰነበተ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን በአልኮል አጠብሁ። ያበጠ የመሰለኝን ካፓሲተር የሚሉትን ዕቃ ነቀልሁና ስለካው ጤነኛ ሆኖ አገኘሁት፤ መልሼ ስበይደው ጣቴን አቃጠልሁ። እበላለሁ፣ ተነሥቼ አየዋለሁ፤ ጋደም እላለሁ፣ ተነሥቼ አየዋለሁ። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሹፌር «አልሞተም በልልኝ» የሚል መልእክት ሰጠሁት። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማን ነው ያልሞተው?» አለኝ። «እኔ» አልሁት። መልእክቱን አድርሶልኛል ብዬ ዛሬም አላምንም።

አርብ ዕለት ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ተጣራች።

«አንተ ሰውዬ! የጎረቤት ፈረስ ምሰሶህን ሲታከክበት አይተኸዋል?»

አንቴናዬ የተሰቀለው በረጅም ቀርከሃ ላይ ነው። ፈረሱ ጀርባውን ባሻሸበት ቁጥር ቀርከሃው እየተወዛወዘ፣ ገመዱ ከአንቴናው የሚገናኝበት መጋጠሚያ ላልቶ፣ ዝናብ ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል። በቢላ ፋቅሁት፣ በየድሁት፣ በላስቲክ ጠቀለልሁት። ቤት ስገባ ሬዲዮው እንደ ወንዝ ይንሿሿል።

«ምነው ከፈረሱ ጋር መጀመሪያ ተማክረህ ቢሆን!» አለች ባለቤቴ።

ደስ ብሎኝ ተኛሁ። መስማቱን እንጂ መናገሩን አልሞከርሁም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በሰዓታችን፣ የወዳጄ ድምፅ መጣ።

«ጎጃሜ! ጎጃሜ፣ ትሰማለህ?»

በእጅ የሚያዘውን መናገሪያ አንሥቼ ቁልፉን ተጫንሁና «አለሁ! አለሁ ወሎዬው!» አልሁ።

«ጎጃሜ...» አለ እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንግዲህ ሁለተኛው ቅዳሜ መሆኑ ነው።»

«አለሁ እያልሁህ!» ጮኽሁ። ጩኸቴን የሰሙት ባለቤቴና ፈረሱ ብቻ ናቸው።

ደግነቱ የድሮው ትምህርት ጨርሶ አልጠፋኝም። ሬዲዮ ሲናገር ብዙ ኃይል ይስባል። ስለዚህ ቁልፉን ስትጫን የፊቱ አምፖል ደብዘዝ ካለ ሬዲዮው እየተናገረ ነው፤ ችግሩን አንቴናው ላይ ፈልግ። ካልደበዘዘ ግን ጭራሽ መናገር አልጀመረም። ተጫንሁ። አምፖሉ ንቅንቅ አላለም። ከመስማት ወደ መናገር የሚያዞረው ሪሌ ደግሞ ሆዱ ውስጥ «ቀጭ» ማለት ነበረበት፤ እሱም ጸጥ። በካቻቢቴው እጀታ ኳ ኳ አደረግሁት፤ አሮጌ ሪሌ አንዳንዴ ዱላ ይወዳል። ምንም።

ወዳጄ ለባዶው አየር መናገሩን ቀጥሏል። «አንተ ባትሰማም እኔ ልናገር። በወባ ተኝቼ ሳለሁ፣ ከሰው ተለይቼ፣ ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ እያወራህ ነፍሴን ያቆየሃት አንተ ነህ።» እንዲህ ያለ ነገር በደህና ቀን ብሎኝ አያውቅም። «አሁን የሚነሣ መኪና አለ። ልጄ ቦታ ሊይዝልኝ ወጥቷል። ነገ፣ ኢንሻ አላህ፣ ቤትህ ነኝ።» ከዚያ ሳል ተከተለ። ረጅም፣ ደረት የሚቀድ ሳል።

«ሰውየው ሊነሣ ነው እኮ!» አለች ባለቤቴ።

«ሪሌው ትእዛዝ አልደረሰውም» አልኋት፣ ትእዛዙን ራሴ ያስቀረሁት ይመስል እየተርበተበትሁ።

ሪሌውን የሚያዘው ቁልፉ ነው። ትእዛዙን ከቁልፉ ወደ ሆዱ የሚወስደው ደግሞ ይኸው የተጠማዘዘው የመናገሪያ ገመድ ነው። ገመዱን ከአንገቱ ይዤ ወደ ግራ አጎበጥሁትና ቁልፉን ነካ አደረግሁት። ቀጭ! አምፖሉ ደበዘዘ። አቃናሁት፤ ጸጥ። ሽቦው ከመናገሪያው ሥር፣ ከላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል። የበጠሰውን ሰው አውቀዋለሁ። ወሬ ሲጥመኝ ገመዱን ጣቴ ላይ የመጠምጠም ልማድ አለኝ፤ ወሬ ያልጣመኝ ቀን ደግሞ ትዝ አይለኝም። ሬዲዮውን ያደነቆረው ፈረሱ ነበር፤ ዲዳ ያደረገው ግን የእኔው ወሬ ነው።

እንግዲህ ገመዱን አጉብጬ ይዣለሁ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። እሱ ሲናገር እኔን መስማት ስለማይችል እስኪያርፍ መጠበቅ ነበረብኝ። አረፈ፤ ትንፋሽ ወሰደ። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ አልተጫንሁም። ሰው የራሱን ለቅሶ ስንቴ ይሰማል? ትንሽ ልጨምር አልሁ።

«እንዳንተ ያለ ሰው አላጋጠመኝም» ሲል ቀጠለ። አንገቴን ቀና አደረግሁ። «ውሸትህ ግን! በፈረስ ግልቢያ አገር ምድሩን አሸነፍሁ ያልኸኝን አላህ ይቅር ይበልህ። ፈረስ ላይ ወጥተህ እንደማታውቅ ሚስትህ ነግራኛለች።» እንደገና አሳለው፤ ከዚያ አረፈ።

ባለቤቴ ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ። ያን ጊዜ ተጫንሁ።

«አልሞትሁም!»

ጸጥ አለ። ጸጥታው ሲረዝም ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፤ በድንጋጤ ገደልሁት እንዴ?

«ማነው?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ነኛ! ሽቦ ተበጥሶብኝ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊ... አንተ መናጢ! ጋቢዬን ለብሼ፣ ስንቄን ይዤ ቆሜልሃለሁ እኮ! ቆይ፣ ልጁን ከመኪናው ላስወርደው፤ እንዳትጠፋ!»

ሄደ። እኔ ገመዱን እንደ እባብ አንገት አንቄ ጠበቅሁት። ባለቤቴ የመበየጃውን ካውያ ላሙቀው ብትል «ተይ! አሁን አይነካም» አልኋት። ወዲያ ወዲህ መንጎራደድ እንደዚያ አምሮኝ አያውቅም፤ መቀመጥም፣ መነሣትም፣ አፍንጫዬን ማከክም አልቻልሁም። ባትሪው እየደከመ ነው። መልሶ ሐሳቡን ለውጦ መኪናው ላይ ቢወጣስ? ፊት ለፊት አይቼህ ካልሆነ አላምንም ቢልስ?

እያለከለከ ተመለሰ። «ልጁ ወርዷል። መኪናው ሄደ፤ እኔም ቀረሁ።»

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ውሉን እናሻሽለው» አልሁት። «ከእንግዲህ ድምፄ ሲጠፋ መጀመሪያ ሬዲዮው ሞተ በል፤ ወደ እኔ ሞት ቀስ ብለህ ትደርሳለህ።»

«እሺ። ለመሆኑ ከየት ጀምሮ ነው የሰማኸኝ?»

ባለቤቴ አፈጠጠችብኝ።

«ከወባው ጀምሮ» አልሁ። «ስለ ፈረስ ምናምን ስትል ግን ድምፅህ ተቆራረጠብኝ።»

«አሁን አመንሁ» አለ ወዳጄ። «አንተው ነህ፤ በሕይወት አለህ።»