ፀሐይ ያየው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ ኮምቡቻ የምትለውን፣ ከሻይና ከስኳር ቤቷ የምታብላላውን መጠጥ በጠርሙስ ይዛ መጥታ «ቅመሺማ!» ብላ ክዳኑን ስትከፍተው፣ ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባና መርሳ፣ አባባ ፎቶ ቤት ጓሮ፣ የጨለማ ክፍሉ በር ላይ አቆመኝ። ፎቶ የሚታጠብበት መድኃኒት ልክ እንደዚያ ነበር የሚሸተው። ሴትዮዋ ለሆድ ስለሚሰጠው ጥቅም ስታስረዳኝ አንድም ቃል አልሰማሁም። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ቅናቴ ነው።

አባባ መርሳ መንገድ ዳር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያነሳ ነበር። ከፎቶ ቤቱ ኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ ተደፍኖ ቀይ አምፖል ብቻ ይበራባት ነበር፣ ፎቶ የሚታጠበውም እዚያ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ብቸኛ ልጁም ነበርኩ፣ ግን እዚያች ክፍል ዝር እንድል አይፈቅድልኝም ነበር። «አንቺ እጅሽ አያርፍም» ይለኛል። የእኔ ድርሻ የታጠቡትን ፎቶዎች ደጅ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀልኩ ዶሮ እንዳይደርስባቸው መጠበቅ ነበር። ይኼም ሥራ ከተባለ!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአክስቴ ልጅ መዲና ከግራና መጣች። ስምንተኛን ጨርሳ ስለነበር እኛ ቤት ሆና እንድትማር አባባ ራሱ እህቱን ለምኖ ነው ያመጣት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቿ ቀጫጭን የሆኑ ልጅ ነበረች። መጀመሪያማ እህት አገኘሁ ብዬ መሬት አልበቃኝ አለ፤ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ ፀጉሬን እየሠራችልኝ፣ የግራናን ገበያ እያወራችልኝ ሰነበትን።

መስከረም ሲጠባ ደስታዬ አለቀ። ተማሪው ሁሉ ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ ስለሚፈልግ አባባ መተንፈሻ አጥቶ ይውል ነበር፣ አንድ ቀን ከጨለማ ክፍሉ ብቅ ብሎ በእኔ ራስ ላይ አሻግሮ እያየ «መዲና፣ እስቲ ነይ አግዢኝ» አላት። እኔ እዚያው ቆሜ! ስትወጣ ፊቷ በርቶ፣ እጇ ያን ሽታ እየሸተተ፣ «ሀዋ፣ ብታዪ! ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ዓይን ይመጣል፣ ቀጥሎ ከንፈር፣ ከዚያ ሰውዬው ራሱ ቁጭ!» አለችኝ። የነገረችኝ በፍቅር ነበር። እኔ ግን «ተይኝ፣ እንቅልፌ መጥቷል» አልኳት፣ በጠራራ ፀሐይ።

በጥር የሠርጉ ፎቶ ሲበዛ መዲና ብቻዋን ማጠብ ጀመረች። ነጋቲቩ ላይ፣ ማለት ፎቶው በሚወጣበት ፊልም ላይ፣ የሙሽሮችን የፊት ጠባሳ በተቀረጸ እርሳስ እየነካካች ታጠፋው ነበር፣ ይህን አባባ እንኳ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አይሞክረውም ነበር። ማዕድ ላይ ስለ ጥላና ስለ ብርሃን ሁለቱ ሲያወሩ እኔ ሳልጠግብ እነሳ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አባባ «ማሻአላህ፣ እጇ የተባረከ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ፎቶ ቤቱን ለእሷ ነው የምሰጠው» ይል ጀመር። ለእሷ! እማማ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?» ትለኝ ነበር፤ «ፀሐይ ነው» እላታለሁ። አንጀቴ አርሮ ነበር፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

የዚያን ዓመት አረፋ የዋለው በየካቲት ነው። በአረፋ አገሩ ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ፎቶ ስለሚነሳ አባባ ከደሴ አዲስ የፎቶ ወረቀት አስመጥቶ፣ ሳጥኑን ለመዲና ሰጥቶ «የዘንድሮውን አንቺ ነሽ የምታጥቢው፣ አደራ፣ ብርሃን እንዳያየው» አላት። በዓሉ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ለሶላት ሲወጣ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ሳጥኑን ይዤ ጓሮ ወጣሁ፣ ጥቁሩን ላስቲክ ገልጬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በሁለት እጄ እየያዝኩ ለፀሐይ አሳየኋቸው። ነጭ ወረቀት፣ በቃ፤ ጥቁረቱ የሚወጣው መድኃኒት ውስጥ ሲገባ ነው። ሕፃን ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አውቅ ነበር፣ ወላሂ አሳምሬ አውቅ ነበር። እንደነበሩ አስተካክዬ መለስኳቸውና አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ በዓሉን በላሁ።

በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ፎቶውን ሊወስድ ፎቶ ቤቱን ሞላው። ከውስጥ ግን የሚወጣው ወረቀት ሁሉ እንደ ከሰል ጥቁር ሆነ። ሁለት ልጆቿን አስከትላ የመጣች ሴት «ኧረ ምነው? ከሐራ ድረስ በከንቱ!» ብላ ስትጮህ አባባ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበር። በሰው ሁሉ ፊት መዲና ላይ ዞረ።

«ሳጥኑን ከፍተሽ ትተሽ መብራት አብርተሻል!»

«ኧረ አጎቴ፣ በአላህ ይመኑኝ፣ እኔ አልከፈትኩም!»

እኔን አየችኝ። አንዴ ብቻ ነው ያየችኝ፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። አባባ ከጥቁሮቹ ወረቀቶች አንዱን አንስቶ ጠርዙን አየና «ከዛሬ ጀምሮ ሀዋ ትግባ» አለ።

በበልጉ ዝናብ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስመኘው የኖርኩት ቦታ! ወረቀቱን አጥፌ ቀደድኩ፣ መድኃኒቱን ቀሚሴ ላይ ደፋሁ፣ ዓይንና ከንፈር ሲመጣ በችኮላ አውጥቼ ሰውን ሁሉ አገርጥቼ አስቀረሁት። አባባ አልተቆጣኝም። አንድ ቀን ግን በቀዩ ብርሃን ጀርባውን ሰጥቶኝ «መዲና፣ መቆንጠጫውን አቀብዪኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ስሙን ሳያርም ሥራውን ቀጠለ። እሷ ባትኖርበትም ከክፍሉ አላስወጣኋትም ማለት ነው።

መዲና አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ግራና ተመለሰች፣ ዛሬ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ካሜራ ሁለተኛ አልነካችም። ባለቀለሙ ፎቶ ሲመጣ አባባም ቤቱን ዘጋ። ዘንድሮ ለአረፋ መርሳ ወርጄ፣ ሁለታችን ብቻ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሃያ ዓመት የደበቅኩትን አወጣሁት።

«አባባ፣ ያንን ወረቀት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ጥቁሩ ላይ ሁሉ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ፣ አውራ ጣትሽ የሸፈነው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። የትንሽ ልጅ ጣት።»

«ታዲያ ለምን እሷን?»

«ልጄ ክፉ ናት ብዬ በሰው ፊት መናገር አቃተኝ» አለ። «መዲና የሰው ቤት ነው ያለችው፣ ትችለዋለች አልኩ።»

ያን ጊዜ እቀናባት የነበረው አባባ ሲያያት ፊቱ ስለሚፈካ ነበር፤ ከእኔ አስበልጦ ይወዳታል ብዬ ነበር፣ ለካ ያ ሁሉ ሲሆን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አሁን መዲና በገበያ ቀን ማርና ሙዝ ይዛ «እንዴት ዋሉ አጎቴ?» ብላ ስትገባ እሱ መሬት መሬት ያያል፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ፣ አንዳችንም እስካሁን አልነገርናትም። ከሦስታችን ቀና ብላ የምትቀመጠው እሷ ብቻ ናት። ዛሬም እቀናባታለሁ።