አናጢው ያልተቀበሉት ክፍያ

ትርፍ ቤት በተወረሰ በስድስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ የመካነ ሰላም ቀበሌያችን ገንዘብ ያዥ ሕዝብ ፊት ሌባ ብሎ ጠራኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ ጎረቤቶቼ ናቸው። እሱ ግን ራሱን ያውቃል።

እኔ የቀበሌው የኪራይ ቤቶች መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ግድግዳ ሲዘም ወይም ጣሪያ ሲያፈስ ከግንበኛና ከአናጢ ጋር ውል እንጽፋለን። ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ቆርቆሮውን እቆጥራለሁ፤ ከዚያ የክፍያ ሰነድ አዘጋጅቼ ሠራተኛውን አስፈርማለሁ። ሳላይ የጻፍኩት አንድም ሰነድ የለም። ገንዘቡን የሚያወጣው ገንዘብ ያዡ ነው።

የዚያን ቀን ስብሰባው ላይ አንድ ሰነድ ከፍ አድርጎ አሳየ። ለጣሪያ ሥራ መቶ ሰማንያ ብር ተከፍሏል ይላል፤ ጣሪያው ግን አልተነካም። ከሥሩ የአናጢው ስምና የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«የክፍያ ሰነዱ ጥራዝ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው» አለ። «የራሷን ጣት አትማ በላችው። የጨዋ ልጅ ስትሏት ነበር፤ እንግዲህ እዩዋት።»

ሰው አጉረመረመ። ያኔ በቀበሌ ገንዘብ መጠርጠር እስር ቤት ያስገባል፤ እኔ ደግሞ ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ሰነዱን ተቀብዬ አየሁት። ልቤ ተረጋጋ።

አናጢው ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ የተጣፈ ኮት የለበሱ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ይህ አሻራ የእርስዎ ነው?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ስምንት ዓመት የቆየሁት በጣቴ ልፈርም ነው?»

ሰው ሳቀ። መዝገቤን ገልጬ የሦስት ዓመት ፊርማቸውን አሳየሁ፤ እንደ ብራና ጽሕፈት የተስተካከለ። ገንዘብ ያዡ ከተመረጠ ገና ሁለት ወሩ ስለነበር የሚያውቃቸው ጣሪያ ላይ ሆነው ብቻ ነው። ከኮታቸው ተነሥቶ ፊደል አይለዩም ብሎ ደመደመ።

ሊቀመንበሩ የማኅተሙን ቀለም ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ወላሂ፣ ሳይጣራ አንነሳም። ሁለታችሁም አትሙ።»

እኔ አተምኩ። ገንዘብ ያዡ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት አላወጣውም።

በማግስቱ ከሥራው ተነሣ። ገንዘቡን በየወሩ ሲመልስ ደረሰኝ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላለኝም።

እናቱ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም። ዕድሩ ቀጣኝ። ቅጣቱን ከፈልኩ፤ ደረሰኙን ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።