ጀሚላ ሰሜን የሆነችበት ቀን

በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ሦስተኛ ክፍል የሚያስተምሩት መምህር እሸቴ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ እያመለከቱ «ጎንደር በየት በኩል ናት?» ብለው ጠየቁ። ውዴ ከሁሉ ቀድማ ጣሪያውን ጠቆመች። ካርታው ላይ ጎንደር ከደብረ ታቦር በላይ ናታ። ክፍሉም ተከትሏት ጣቱን ወደ ቆርቆሮው ቀሰረ።

መምህሩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና ካርታውን አውርደው፣ ልጆቹን አስከትለው ወጥተው ሜዳው ላይ ዘረጉት። «ምሥራቅስ?» ቢሉ ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠጠ፤ ሰማዩ ግን ደመና ነው፣ ፀሐይ የለች። ጸሎት የሚባል ነገር የማይወደው የቀበሌው ካድሬ በአጥሩ በኩል አለመኖሩን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስትጸልዩ ወዴት ትዞራላችሁ?» አሉ።

ይኼንማ ማን ያጣዋል፤ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ዞረ። የውዴ ጓደኛ ጀሚላ ብቻ ወደ ሰሜን ዞራ ቆመች፤ መካ በዚያ ነዋ። ውዴ ጓደኛዬ ተሳሳተች ብላ ቀሚሷን ብትጎትታት፣ መምህሩ «ተዪያት። የካርታው ራስ እሷ ወደዞረችበት ነው» አሉ።

ካርታው ሲስተካከል ጎንደርም ጣናም በያሉበት በኩል ሆኑ። ልጆቹ በደስታ አበዱ። ውዴ ጫማዋን አውልቃ ጣናን በአንድ ዝላይ ተሻገረች።

ከዓመታት በኋላ ይፋግ ተዳረች። በማግስቱ ጠዋት ደጅ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ጸለየች፤ ጸሎቷን ስትጨርስ ግራ እጇን ዘርግታ «ጀሚላ በዚህ ናት» አለች።

ባሏ «ጀሚላ ደግሞ ማን ናት?» ቢላት፣ ሳቋ እያመለጣት «ሰሜን» አለችው።