ባዶ ሳጥን የሌለው ሮስተር

ሚኤሶ ከተማ የክፍል ኃላፊ መምህር ሆኜ የተማሪዎቹን የውጤት ሮስተር ለመጀመሪያ ጊዜ በኤክሴል ስሠራ፣ አንደኛ የወጣችው ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ነበረች። ዝናቡ ቀርቶ ቤተሰቦቿ ከብቶቻቸውን እየነዱ ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ አብራ ሄዳለች። የተፈተነችው አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ እሱንም ከመቶ ዘጠና ስምንት አምጥታለች። የአማካይ ፎርሙላው ባዶ ሳጥን ስለማይቆጥር አማካይዋ ያው ዘጠና ስምንት ሆነ።

ርዕሰ መምህሩ አይተው፣ «ባዶው ላይ ዜሮ ሙላበት፣ ይስተካከላል» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ዜሮ እኮ ተቀምጦ ተፈትኖ ምንም ላላገኘ ነው! እሷ ሌሎቹን መቼ ተፈተነች?

«ታዲያ አንደኛ ብለን እንሸልማት?» ሲሉኝ ግን ዜሮውን ሞላሁ፤ ልጅቷም ከአንደኛነት ወርዳ መጨረሻ ሆነች።

በየዓመቱ መናደዱ ሲሰለቸኝ ፎርሙላውን ለወጥኩትና ባዶውን በራሱ ጊዜ ዜሮ ያደርገው ጀመር። ሌሎቹ መምህራንም ወደውት በፍላሽ ወሰዱት። ዘንድሮም ዝናቡ ቀረ። ክፍሌ ውስጥ ካለው ወንበር ግማሹ ባዶ ነው፤ ሮስተሬ ላይ ግን አንድም ባዶ ሳጥን የለም።