ሸጊቱ ያልቀደደችው ቀሚስ

በቀደም ጓጉንቸር ልገዛ ወልድያ መነኻሪያ አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ባለሱቁ ሌላ ሰው እስኪያስተናግድ መደርደሪያውን ስቃኝ፣ ከምስማሩና ከቀለም ብሩሹ መሐል የተሰካ ቀጭን ካርቶን ዐይኔን ያዘው። ላዩ ላይ አይጥ ተስላለች፤ ጆሮዎቿ ሮዝ፣ ጢሟ የተበተነ፣ የፊት እግሮቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ሰው የምትለማመጥ የመሰለች ግራጫ አይጥ። የአይጥ ማጣበቂያ ነው። ባለሱቁ ምን እንደማይ ተመልክቶ «ይሄ ሸጋ ነው እትዬ፤ አንዴ ከረገጠችው ስትጮህ ታድራለች እንጂ ንቅንቅ አትልም» አለኝ፣ ስለ ጥሩ ማር እንደሚያወራ ሰው ፊቱ እየበራ። ደሜ ፈላ። «አንተን አጣብቆ ያሳድርህ!» ብዬው ጓጉንቸሩንም ሳልገዛ ወጣሁ። ይቺ አሮጊት ምን ነካት ሳይለኝ አልቀረም፤ ይበል። ካርቶኑ ላይ ያለችው አይጥ ቁርጥ ሸጊቱን ነበረች።

ሸጊቱ መርሳ፣ አባባ ቤት ያደገች አይጥ ናት። አባባ ከአውራ ጎዳናው ዳር ጎሚስታ ነበር፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መኪና ጎማው ሲተነፍስ የሚቆመው እኛ ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቤታችን በፊት ለፊት በኩል የተቃጠለ ላስቲክ፣ በጓሮ በኩል ደግሞ የበሰለ ማንጎ ይሸታል፤ እኔም ዛሬ ድረስ ማንጎ በቀመስኩ ቁጥር ላስቲክ ካልሸተተኝ የጎደለብኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። አንድ የመኸር ሰሞን እማዬ ለማገዶ የተከመረውን የማሽላ አገዳ ስታነሳ ከሥሩ የአይጥ ጎጆ ወጣ። እናቲቱን በአካፋ አሏት። ልጆቿ ዐይናቸውን ያልገለጡ፣ ፀጉር ያላበቀሉ፣ እንደ አራስ ልጅ ጣት የቀሉ ነበሩ፤ ተጠርገው ሊጣሉ ሲሉ ታናሽ ወንድሜ መላኩ አንዷን በኮፍያው ደብቆ ይዟት ሮጠ።

መላኩ ይንተባተብ ነበር። የሰፈሩ ልጆች አፉን ሲከፍት ገና አብረውት እየተንተባተቡ ስለሚያላግጡበት፣ ማውራቱን ትቶ ነገሩን ሁሉ በራስ ንቅናቄ መጨረስ ለምዶ ነበር። ያችን ቀይ ነገር ግን ኮፍያው ውስጥ አስተኝቶ፣ ወተት ለብ አድርገን በጥጥ ጫፍ እያጠባናት ዐይኗን ስትገልጥ፣ እሱም አፉን ገለጠ። ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሸጊቱ አላት። እማዬ መጀመሪያ ላይ «ኧረ በማርያም! ሰው ድመት ያሳድጋል፣ ሰው ርግብ ያሳድጋል፤ አይጥ በእንክብካቤ የሚያሳድግ ከማን ቤት አይታችኋል?» እያለች ቤቱን አናውጣው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ልታባርራት መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። መላኩ ከውስጥ «ሸጊቱዬ፣ ዛሬ ፓፓያ ነው ያመጣሁልሽ፣ ፍሬውን አትትፊ፣ ነገ ደግሞ ማሽላ እፈለፍልልሻለሁ» ይላል፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልተሰበረችበትም። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠርጋ ተመለሰች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ «ያቺ ጉድ በልታለች?» ማለት ልማዷ ሆነ።

አይጥ ማሳደግ ሥራ ነው። አባባ ከአሮጌ ጭነት መኪና የወለቀ ወንፊት በሳንቃ ላይ መትቶ ቤት ሠርቶላት ነበር፤ የተነጠፈላት ጭድ በየጠዋቱ ካልተለወጠ ግን ሽንቷ ዐይን ያስለቅሳል። ጥርሷ ማደግ ስለማያቆም የምትከረትፈው እንጨት ካላገኘች ያገኘችውን ትጀምራለች። አንዴ አምልጣ የአባባን አዲስ ካላማዳሪ፣ ያንን ከጎማ ውስጥ የሚገባውን ፊኛ፣ በስታ ተገኘች፤ እኛ አለቀላት ብለን ስንንቀጠቀጥ አባባ ቀዳዳውን በጣቱ እየዳሰሰ «ሌላው በሚስማር ያስበሳል፣ እሷ በጥርሷ በሳች፤ ለጎሚስታ ሥራ ያመጣ ይመታል እንዴ?» ብሎ ለጠፈው። ደስታዋም የዚያኑ ያህል ነበር። በመላኩ እጅጌ ገብታ በአንገቱ ትወጣለች። ፍሬ በሁለት እጇ ይዛ፣ አዙራ አይታ፣ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብላ ትበላለች፤ ከበላች በኋላ ፊቷን ሳትታጠብ አትተኛም፣ ይህንን እኔና መላኩ እንኳ አናደርገውም ነበር። ጆሮዋን ሲያኩላት ጥርሷን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፤ መላኩ «እየሳቀች ነው» ይላል፤ እኔም አምን ነበር፣ አሁንም አምናለሁ።

ሰዉ ግን ተጸየፈን። ቤታችንን «የአይጥ ቤት» አሉት፤ አንዳንዱ ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ እጃችንን ላለመጨበጥ ጋቢው ውስጥ እጁን ይቀብር ነበር። እስቲ አሁን በመርሳ ከተማ በጎታው ሥር አይጥ የማይቀልብ ቤት የትኛው ነው? ስም ያላት፣ የታጠበች፣ በወንፊት የተዘጋችው አንዷ ብቻ ወንጀለኛ ሆነች!

ከሁሉ የባሰችው ግድግዳ የምንጋራት እትዬ ጥሩወርቅ ናት። ሞያ ያላት፣ ቁጡ፣ ንግግሯ የሚደመጥ ሴት ነበረች፤ ከሞያዋ በላይ የምትኮራው ግን በድመቷ በጌጤ ነው። ጌጤን ሰፈሩ ሁሉ እየተዋሳት እንደ ሙሽራ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ያረፈችበት ቤት ወተትና ጥብስ ይቀርብላታል። እኛ ደጃፍ ስትደርስ ወንፊቱ ፊት ተጋድማ ጅራቷን እያወዛወዘች ሸጊቱን ታያታለች፤ መላኩ ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ የሚሮጠው በዚህ የተነሳ ነበር።

የእትዬ ጥሩወርቅ ትልቋ ልጅ ልትዳር ቀን ተቆረጠ። ለሠርጓ የተሸመነው ሰፊ ጥለት ያለው ቀሚስ ከእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ አንድ ረፋድ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ልታናፍሰው ስታወጣው ጩኸቷ በመንገዱ የሚያልፍ አውቶቡስ አስቆመ። ቀሚሱ ከታች ተቦጫጭቋል፤ ከጥለቱም ተገንጥሎ የጠፋ አለ። ማንም ሳጥኑን አላየም፣ ማንም ማን ከፈተው አላለም። ሁሉም አንገቱን ወደኛ ግቢ አዞረ። ሸጊቱ በዚያች ሰዓት ወንፊቷ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች።

በኛ አገር ጎረቤት ለጎረቤት ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። ጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር ሸህ ይማምና አባ ካሣ፣ ሁለቱ የሰፈሩ አስታራቂዎች፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሰፈሩ ዙሪያውን ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ የተቦጫጨቀውን ቀሚስ በሁለት እጇ ዘርግታ «አባቶቼ፣ እናንተው ፍረዱኝ! አይጥ አሳዳጊ ጎረቤት ጣለብኝ፣ ልጄን ምን አልብሼ ልዳራት? ያቺን አውሬ ለጌጤ ይስጡልኝ!» አለች። መላኩ ተጠራ። አይጧ በዚያ ሰሞን ከቤቷ ወጥታ እንደሆነ አባ ካሣ ጠየቁት። ያ ልጅ በሕይወቱ እንዲያ ሆኖ ሊናገር ሲታገል አይቼው አላውቅም፤ «አ...አ...አል...» እያለ ላብ አጠመቀው፤ «አልወጣችም» ነበር ሊል የፈለገው። ከቆሙት አንዱ «እውነት ቢሆን ምን ያንተባትበዋል?» አለ። ሕዝቡም ተቀበለው! የልጁ ምላስ መያዙን የአይጧ ጥፋት ማስረጃ አደረጉት። እኔ ዘልዬ ገብቼ «እኔ ምስክር ነኝ፣ በሩ ተቆልፎ ነበር» ስል ደግሞ አባ ካሣ ፈገግ ብለው «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አሉ፤ ሳቅ ሆነ። ያን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ተፈረደ። ሸጊቱ ለድመት አትሰጥም፣ ከወንዝ ማዶ ተወስዳ ትለቀቅ፤ ልጁም እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ ጥሩወርቅን ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ሸህ ይማም ደግ ሰው ናቸውና «አብሽር ልጄ፣ ጠጠርም ይበቃል፣ ወጉ እንዲደርስ ነው» አሉት። መላኩ ግን ጠጠር አላነሳም። አባባ መኪና እንዳይንሸራተትበት ጎማ ሥር የሚደግነውን ትልቁን ድንጋይ፣ ዘይት የጠጣውን፣ ታቅፎ አነሳና ማጅራቱ ላይ ጫነው፤ ጉልበቱ እየተብረከረከ ሄዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ባላጠፋው ጥፋት! እትዬ ጥሩወርቅ ድንጋዩን አወረደችለትና «ይቅር ብዬሃለሁ» ብላ ግንባሩን ሳመችው። ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ አባ ካሣ መረቁ፣ ሕዝቡ አሚንም አሜንም አለ፤ የታረቀ ነገር ከእንግዲህ እንዳይቆሰቆስ ተባለና ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ።

አባባ ወንዙን አሻግሮን ከማሽላ ማሳ ዳር ወንፊቱን ከፈተው። ሸጊቱ ወጣች፣ አፈሩን አሸተተች፣ ዞራ መጣችና በመላኩ ሱሪ ላይ መውጣት ጀመረች። አወረድናት፤ ተመለሰች። አባባ ወደ ማሳው ወስዶ አስቀመጣትና ሳትደርስብን እጃችንን ይዞ አስሮጠን። መላኩ ዞሮ አላየም፤ እኔ አይቻለሁ። የፊት እግሮቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማ ታየን ነበር። ከሰው መሸሽ ያልተማረች አይጥ ሰው በሞላበት አገር ስንት ቀን ትኖራለች?

ሠርጉ በተውሶ ቀሚስ አለፈ። ፋሲካ ሲቃረብ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ስታጸዳ ሳጥኑን አብሬያት እንድገፋ ጠራችኝ፤ በታረቅን ማግሥት እምቢ አይባልም። ሳጥኑን ስንገፋው የኋላ ሳንቃው ተገንጥሎ ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ሆኗል፤ በክፍተቱ ጠርዝ የጌጤ ፀጉር ተጣብቋል። ከጀርባው ጌጤ ራሷ ግልገሎቿን አቅፋ ተኝታለች፤ የተኙበትም በጥፍር የተነጨ ነጭ ጥጥና ያ የጠፋው ጥለት ነው። አገሩ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል፤ እኛ ሰፈር ድመት በቀደደ አይጥ ተሰደደች። ጥለቱን መዝዤ አወጣሁት። እትዬ ጥሩወርቅ አየችው፣ አየችኝ። ከእጄ ተቀብላ ፀጉሩን አራገፈች፤ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና አንድ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ ሰጠችኝ። «ሂጂ ልጄ፣ የቀረውን እኔ እጠርገዋለሁ» አለችኝ።

ዳቦውን ለውሻ ጥዬ ወደ አባባ በረርኩ። ሰማኝ፤ ጎማ የሚፈታበትን ብረት አስቀመጠ። «አውቄያለሁ ልጄ። ግን ሽማግሌ ረግጦ፣ ምርቃት ተቀብለን አሜን ብለናል። የታረቀ ነገር አይቆሰቆስም» አለኝ። አባባን እወደው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ ለዚህች ቃል ግን ዛሬም አልታረቅኩትም። እውነት ዘግይታ ስትመጣ በሩ የሚዘጋባት ከሆነ የዕርቁ ጌታ ማን ነው? ለመላኩ እኔው ነገርኩት። ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ባዶው ወንፊት ሄዶ ጭዱን ለወጠ። ከዚያ ወዲያ ያ ያልተሰበረ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም።

ከሱቁ ተቆጥቼ በወጣሁ ሰሞን የእትዬ ጥሩወርቅ የልጅ ልጅ ሠርግ ነበርና ወደ መርሳ ወረድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ምላሴን እያሾልኩ ነው የሄድኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እፈራለሁ? አባ ካሣ የሉም፣ ሸህ ይማም የሉም፣ አባባ የለም። ጎሚስታውን የያዘው መላኩ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ከሾፌሮቹ ጋር በጣትና በራስ ይግባባል። ዳሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እትዬ ጥሩወርቅ አርጅታ ጎብጣለች እንጂ ንግግሯ እንደ ድሮው ይደመጣል፤ ሙሽሪት ቀሚሷን ለብሳ ስትገባ እንግዳው ሁሉ እየሰማ «ይቺን እንኳን አይጥ ሳይበላት ደረሰችልኝ! የእናቷን እህት ቀሚስ እነዚህ ጉዶች ያሳደጓት አይጥ ቀድዳባት አልነበር!» ብላ ወደኛ ጠቆመች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ያው ሳቅ ነው፤ ከማንጎው ሥር የሰማሁት።

ተነሣሁ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያንን ጥለት የት አደረጉት?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እሷም አውቃለች፣ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቆሟል። መላኩ ግን ቀሚሴን ያዘ። ላስቲክ በሚሸተው እጁ ወደ ታች ሳበኝ፤ አፉ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ድንጋዩን የተሸከመበት ያ አንገት። «ታ...ታ...ታር...ታርቀናል» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ አሜን ካለ ሰው ቃሉን የጠበቀው እሱ ብቻ ነው። ሸጊቱ እጅጌው ውስጥ ብትሆን ኖሮ ይህችን አንዲት ቃል ሳይሰብራት ይላት ነበር።