አክስቴ ያስተማረችኝ ዝምታ

አራዳ፣ ከአንድ ዓረብ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ባለሱቁ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ትልቅ ስኳር በመዶሻ ሲሰብር ሳይ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ለፍላፊ ነበርኩ። እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን አክስቴ ይህን አልወደደችልኝም። እንግዳ ፊት ከተናገርኩ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች። ዝም ካልኩ ደግሞ እንግዳው ሲሄድ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንዲት ስባሪ ስኳር ታጎርሰኛለች። ክረምቱ ሳያልቅ ዝም ማለት ለመድኩ።

አንድ እሑድ ሦስት እንግዶች መጡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ምን አብልተው ነው እንዲህ ዝም ያሰኟት? ለሚስቴም ይስጡልኝ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ያን ጊዜ ገና የሚድኸው ታናሽ ወንድሜ ብቻውን ወደ ግቢው የውሃ ጉድጓድ ሲሄድ በበሩ በኩል አየሁት። ጉድጓዱ አልተከደነም። አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እንግዶቹ ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

ጎረቤቶች ሲያወጡት ትንፋሽ አልነበረውም። አክስቴ ደረቷን ስትደቃ ቆይታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«እያየሽው ነበር አሉ። ምነው ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

ቤቱ በማላውቀው ሰው ተሞልቶ ነበር። አልመለስኩላትም።

አክስቴ አሁን አርጅታለች። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ዛሬም ያንኑ ትጠይቀኛለች። መልሱን ሳታውቀው አትቀርም፤ ግን ከእኔ አፍ መስማት ትፈልጋለች። እኔም ተነስቼ ራቷን አቀርብላታለሁ።